የመጀመሪያዎቹ 18 ሜትሮች

የዛሬው ዝግጅታችን ለሥራ የሚነዱትን መኪና በሕጋዊ የድራግ ሜዳ ላይ መሞከር ለሚፈልጉ፣ በተለይም በዋሽንግተንና በአካባቢው ለምትኖሩ ወገኖቻችን ነው። በደቡብ ሜሪላንድ፣ ባድስ ክሪክ እንደሚገኘው ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ያሉ ሜዳዎች ተራ ሰው የገዛ መኪናውን ይዞ የሚገባባቸው የሙከራ ምሽቶች አሏቸው። ውድድሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ ከቆሙበት ተነሥቶ ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ያህል፣ በቀጥታ መስመር መጨረስ። ጀማሪው ታዲያ ገና ሳይሞክር የሚጠይቀው «የሞተሩን ጉልበት በምን ልጨምር?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ ጊዜው ገና ነው ባይ ነኝ። አብዛኛው ጀማሪ ሰከንዶቹን የሚያባክነው መነሻው ላይ ነው፤ እዚያ የባከነውን ለማዳን ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ትዕግሥት ይበቃል።

ማስረጃው ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ለነጂው የምትሰጠው የሰዓት ወረቀት ናት። ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በመጨረሻው ቁጥር ላይ ብቻ ነው። ወረቀቷ ግን የመጀመሪያዎቹ 60 ጫማዎች፣ ማለትም 18 ሜትር ገደማ፣ ስንት ሰከንድ እንደወሰዱም ትናገራለች። አንድ 250 ያህል የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና በ14.5 ሰከንድ ጨረሰ፣ መጨረሻው ላይም በሰዓት 98 ማይል ይሮጥ ነበር እንበል። የመጀመሪያዎቹን 60 ጫማዎች በ2.3 ሰከንድ ካለፈ፣ ከመንገዱ አንድ ሃያ ሁለተኛ በሆነችው ርቀት ላይ ከጠቅላላው ጊዜ አንድ ስድስተኛውን አጥፍቷል ማለት ነው። የመጨረሻዎቹን 60 ጫማዎች የሚያልፋቸው ግን ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ መጨረሻው ላይ የሚገኝ ተጨማሪ ፍጥነት የሚያተርፈው ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። መነሻው ላይ የተገኘች ፍጥነት ግን ከመኪናው ጋር አብራ ትሄዳለች። በሯጮች ዘንድ በልምድ የታወቀው ስሌት፣ በ60 ጫማው ላይ የተረፈች አንድ አሥረኛ ሰከንድ መጨረሻው ላይ አንድ ተኩል እጥፍ ሆና፣ አንዳንዴም ከዚያ በልጣ ትገኛለች ይላል።

«ጉልበት ከሌለ ግን መነሻው ብቻ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ጉልበት በእርግጥ ጊዜ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ የሩጫው ጊዜ የሚያጥረው በጉልበቱና በክብደቱ ንጽጽር ኩብ ሥር ልክ ነው፤ ጊዜውን በግማሽ ለመቁረጥ ስምንት እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል። የምሳሌያችን መኪና 25 የፈረስ ጉልበት ቢጨመርለት፣ ጎማዎቹም ያንን ጉልበት መሬት ላይ ማሳረፍ ቢችሉ፣ የሚያተርፈው ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። የ60 ጫማውን ጊዜ ከ2.3 ወደ 2.0 ያወረደ ነጂ ምንም ሳይገዛ ወደዚያው ይጠጋል። ነገሩን በወረቀቷ ላይ ማረጋገጥም ይቻላል። በመጨረሻው ላይ የተመዘገበው ፍጥነት የሞተሩን ጉልበት ይናገራል፤ 1,363ን በማይል ለተቆጠረው ፍጥነት ስናካፍል ያ ጉልበት በደንብ ቢነሣ ሊያስመዘግብ የሚችለውን ጊዜ በግምት እናገኛለን። ለ98 ማይል 13.9 ሰከንድ ይመጣል። መኪናው በ14.5 ከጨረሰ፣ ስድስት አሥረኛ ሰከንድ የሚያህል የተከፈለበት ጉልበት ሥራ ሳይሠራ ቀርቷል ማለት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከጎማ ነው። ጎማ መሬቱን አጥብቆ የሚይዘው በጥቂቱ ብቻ ሲንሸራተት ነው፤ በቦታው መሽከርከር ከጀመረ ጭሱና ጩኸቱ ቢያምርም የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። መኪናውን የሚነዱትን ጎማዎች አየር በሁለት በሁለት ፒኤስአይ እየቀነሱ መሞከር መሬት የሚነካውን የጎማ ገጽ ያሰፋል፤ ከልክ በላይ ከወረደ ግን መኪናው በከፍተኛ ፍጥነት ይዋልላል፣ ወደ ቤት ከመመለስ በፊትም መልሶ መንፋት የግድ ነው። ከመነሻው በፊት ወዳለው ውኃ የተደፋበት ቦታ በተራ የመንገድ ጎማ መግባት ትልቅ ስሕተት ነው። ውኃው በጎማው ጥርሶች ውስጥ ቀርቶ ከመኪናው ጋር እስከ መነሻው መስመር ይደርሳል፤ በጎን ዞሮ ማለፍ ይሻላል። እንደ ካምሪና ኮሮላ ያሉ በፊት ጎማ የሚነዱ መኪኖች ሌላ ችግር አለባቸው፤ መኪናው ሲስፈነጠር ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የሚነዱት ጎማዎች ይቀልላሉ። ስለዚህ ነዳጁን በአንዴ እስከ ወለሉ ከመርገጥ ይልቅ መኪናው መንቀሳቀስ እንደጀመረ ቀስ በቀስ መጨመር ያዋጣል። መቸኮልም አያስፈልግም። የሩጫው ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው አረንጓዴው መብራት ሲበራ ሳይሆን የፊት ጎማው የመነሻውን የብርሃን ጨረር ሲለቅ ነው። እንዲያውም መኪናው መነሻው ላይ መቆሙን ከሚያሳዩት ሁለት አምፖሎች ሁለተኛው ገና እንደበራ ቀጥ ያለ ሰው፣ ሰዓቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጫማ ያህል መንደርደሪያ ያገኛል።

«የኤሌክትሪክ መኪና ወይም በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ላለኝ ሰው ይህ ሁሉ አይመለከተኝም» የሚለው ክርክር ከፊል እውነት አለው፤ ኮምፒውተሩ ብዙውን ሥራ ይሠራለታል። የጎማው ዓይነትና አየር፣ አቋቋሙ፣ በኤሌክትሪኩም ላይ የባትሪው ሙላትና ሙቀት ግን የነጂው ኃላፊነት ሆነው ይቀራሉ።

አጥብቄ የምቃወመው ግን ሜዳው ሩቅ ነው በሚል ሰበብ በሌሊት በባዶ ጎዳና ላይ የሚደረገውን ልምምድ ነው። ወንጀል ነው፤ ሰውም ይገድላል። በ1951 በዋሊ ፓርክስ የተመሠረተው ናሽናል ሆት ሮድ አሶሲዬሽን ከተነሣባቸው ዓላማዎች ዋነኛው ይህንኑ እሽቅድድም ከጎዳና አውጥቶ ወደ ሜዳ ማስገባት ነበር። ለልምምድም ቢሆን ጎዳናው አይጠቅምም፤ የሜዳው መነሻ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ስለሚረጭበት ጎዳና ላይ የተለማመዱት አነሣሥ እዚያ አይሠራም፣ በጎዳና ላይ የ60 ጫማውን ጊዜ የሚለካልዎም የለም። በማኅበሩ ደንብ 13.99 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚጨርስ ነጂ የራስ ቁር ግዴታው ነው፤ ከዚያ ዘገምተኛ ለሆነውም ቢሆን እንዲያጠልቅ እመክራለሁ።

ሜዳ ላይ ሲውሉ በአንድ ዙር አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ የጎማ አየርና የአነሣሥ ስልት አብረው ከተለወጡ የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም። በዙሮቹ መካከል ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ማቀዝቀዝ፣ ስኮርታ ጎማውንና ክሪኩንም ማውረድ ያግዛል፤ መቶ ፓውንድ መቀነስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ያተርፋል ተብሎ ይገመታል። የአየሩንም ሁኔታ ወረቀቷ ላይ ይጻፉ። አየር ሲሳሳ ሞተር ይደክማል፤ አዲስ አበባ ላይ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚኖረው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። የሐምሌ ወበቅና የጥቅምት ቀዝቃዛ ምሽትም፣ መጠኑ ያንስ እንጂ፣ በዚያው መንገድ ይለያያሉ። እንዲህ ተመዝግቦ የ60 ጫማው ጊዜ ከዙር ዙር መሻሻሉን ሲያቆምና የወረቀቷ ጊዜ ከ1,363ቱ ስሌት ጋር ሲቀራረብ፣ ያን ጊዜ ስለ ሞተር ጉልበት ለመነጋገር መካኒክዎ ዘንድ ይሂዱ፤ ወረቀቶቹንም ይዘዋቸው ይሂዱ።