ዲንኪ በአማካይ አይጠግብም!

(በአንድ የሰሜን ሸዋ ተወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ገበሬው ኑሮ ጥናቶች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ። ለዓምዱ እንዲመች በመጠኑ አጥሯል።)



ስለ ኢኮኖሚ ጥናት እናገራለሁ ሲባል አንዳንዶቻችሁ «ደግሞ ቁጥር ሊደረድርብን ነው» ሳትሉ አልቀራችሁም። አልፈርድባችሁም። ቁጥር ወደ ገበሬው ቤት ብዙ ጊዜ የመጣው ወይ ግብር ሊያስከፍል፣ ወይ ኮታ ሊጥል፣ ወይ በቴሌቪዥን ሊያስጨበጭብ ነው። ገበሬው መዝገብ የያዘ ሰው ሲያይ በጉን ወደ ጓሮ የሚነዳው ወዶ አይደለም! ዛሬ የማወራው ግን ከገዛ ደጃችን ስለተለቀመ፣ ከእኛ ይልቅ ፈረንጅ ስለሚያውቀው ቁጥር ነው። የጥናቶቹን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የቀረውን በእኛው።

በ1989፣ የ77ቱ ረሃብ ቁስል ገና ሳይሽር፣ ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ሰባት የገበሬ መንደሮችን መርጦ ወደ 450 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ጠየቀ። ከተመረጡት ውስጥ ሁለቱ የእኛው ናቸው። አንደኛው በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው ደጋ፣ ሁለተኛው ከአንኮበር በታች ያለው ዲንኪ። በ1994 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ሥራውን ወደ 15 መንደርና 1,477 ቤተሰብ አሰፋው። ከዚያ በ1995፣ በ1997፣ በ1999፣ በ2004፣ በ2009 እየተመለሱ እነዚያኑ ሰዎች ጠየቁ። ምን በላችሁ? ስንት ጥማድ አረሳችሁ? ማን ታመመ? በሬው የት ደረሰ?

«እነዚያኑ ሰዎች» ያልኩትን ልብ በሉልኝ። የተለመደው ቆጠራ ዘንድሮ እኔን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ጎረቤቴን ይጠይቃል። ስንት ድሃ እንዳለ ይነግራችኋል፤ የአምናው ድሃ ዘንድሮ ወጣ ወይስ እዚያው ቀረ የሚለውን ግን አይነግራችሁም። ሐኪም በየቀኑ የተለየ በሽተኛ ትኩሳት እየለካ «ሰውየው እየተሻለው ነው» ቢል ታምኑታላችሁ?

አሁን ሁለቱን መንደሮች እንያቸው። የደብረ ብርሃኑ ደጋ ብርድ ነው፤ ገብስና ባቄላ ይዘራል፣ ውርጭ በአንድ ሌሊት ማሳ ያቃጥላል። ነገር ግን አስፋልቱ ቅርብ ነው። ወተቱም፣ በጉም፣ ኩበቱም ከተማ ላይ ገዢ አለው። ዲንኪ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ የምታገኙት ቆላ ነው። አርጎባውና አማራው፣ እስላሙና ክርስቲያኑ አብሮ ይኖራል፤ ጤፍና ማሽላ ያርሳል። በ77 ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው። ካርታ ላይ ለደብረ ብርሃን ቅርብ ነው፤ በእግር ለሚወጣው ግን ሌላ አገር ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው «ለደብረ ብርሃን ቢቀርብም በቀላሉ አይደረስበትም» ብለው መዝግበውታል።

እነዚህን ሁለቱን ደምራችሁ ለሁለት ስታካፍሉ አንድ ቁጥር ታገኛላችሁ። የዞን ሪፖርት የሚባለው ያ ነው። አንዱ ልጅ ሁለት እንጀራ በልቶ ሌላው ጾሙን ቢያድር፣ በአማካይ አንድ አንድ በልተዋል!

ጥናቱ ምን አገኘ? በመጀመሪያ ረሃብ በዓመቱ አያልቅም። ስቴፋን ዴርኮን የተባለው ኢኮኖሚስት በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ በ77 ክፉኛ የተመቱት ቤተሰቦች ከአሥር ዓመት በኋላም፣ ዝናቡ ጥሩ በሆነበት በ1990ዎቹ፣ ኑሯቸው ከሌላው ባነሰ ፍጥነት እንዳደገ አሳየ። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በሬውን ሸጦ የበላ፣ ዘሩን ቆልቶ የበላ ሰው ዝናብ ሲመለስ በምን ያርሳል? መሬቱን ለባለ በሬው በእኩል ይሰጣል፣ ግማሽ ምርቱ ከደጁ ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው። እርዳታው በጥቅምት ቢደርስ ነፍስ ያድናል፤ በሬው ግን በሐምሌ ተሸጧል። በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ጥናት ትልቁ ቁምነገር ይሄ ነው። ስለ ረሃብ የሚወራው ግን ሁልጊዜ ስለሞተው ሰው ብቻ ነው፤ ከሞት ተርፎ ድሃ ሆኖ ስለቀረው ማን አወራ?

ይኸው ዴርኮን፣ ጆን ሆዲኖትና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጣሰው ወልደሃና ሆነው በ2005 እንደጻፉት በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ድርቅ የመታው ቤተሰብ የነፍስ ወከፍ ፍጆታው ወደ 20 ከመቶ ያንሳል። በሽታ ብቻውን ወደ 9 ከመቶ ይቀንሳል። እድር ቀብሩን ይሸፍናል፣ እግዜር ይስጠው! አልጋ ላይ ለከረመ አራሽ ግን ማን ያርስለታል?

ስለ መንገድ ደግሞ ስሙ። በ2009 የወጣው ሌላ ጽሑፍ የ1994ን እና የ2004ን መረጃ አነጻጽሮ፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ያገኘ ቤተሰብ የድህነቱ መጠን በ6.9 ነጥብ እንደሚቀንስ፣ የፍጆታ ዕድገቱም በ16.3 ከመቶ እንደሚጨምር ገመተ። የግብርና ሠራተኛ አንድ ጊዜ እንኳ የጎበኘው ደግሞ ድህነቱ በ9.8 ነጥብ ይቀንሳል። ይህንን ስታነቡ የልማት ሠራተኛው ማዳበሪያ ዕዳ ሰብሳቢና ስብሰባ ጠሪ ሲሆን የሚባክነውን አስቡት።

የምርምር ተቋም ሁሉ አዋቂ ነው እያልኩ አይደለም። በደብረ ብርሃን የዓለም አቀፉ የአፍሪካ ከብት ማዕከል፣ ኢልካ፣ ጣቢያ ነበረው። እዚያ ባሶና ወረና ውስጥ ብዙ ገበሬ ጥንድ በሬ እንደሌለው አጥንተው በአንድ በሬ የሚታረስበት ሞፈርና ቀንበር ሠሩ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ገበሬው ግን አልተቀበለውም። ባለ አንድ በሬው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ ያርሳል፤ ያ ደግሞ በሬ ብቻ ሳይሆን ወዳጅም ያመጣለታል። ቢሆንም ኢልካ አንድ ነገር አስተምሮ ሄዷል። ደጋው ላይ ከብት ማለት ወተትና ጉልበት ብቻ ሳይሆን እበትም ነው። እበቱ ማሳ ላይ ቢወድቅ መሬቱን ያበላል፤ ኩበት ሆኖ ቢነድ እራት ያበስላል፤ ቢሸጥ ጨው ይገዛል። ዛፍ ተከሉ፣ አፈር ጠብቁ ብሎ መስበክ ቀላል ነው። ማገዶው ከየት ይምጣ የሚለውን ያልመለሰ የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲ ግን ኩበት ለቃሚዋን ሴትዮ መገሠጽ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መንግሥት ቁጥር ልምጣ። በይፋ እንደተነገረው ከድህነት ወለል በታች ያለው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም ከመቶ 45.5 ነበር፤ በ2008 ዓ.ም 23.5 ሆነ። ሐሰት ነው አልልም። ብዙ ነገር ተለውጧል፣ ዓይን ያለው ያያል። እነዚያ 15 መንደሮችም አገሩን ሁሉ አይወክሉም፤ አጥኚዎቹ ራሳቸው ብለውታል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በዚህ 23.5 ውስጥ ዲንኪ የት አለች?

ቁጥሩ ሲወሰን ደግሞ እንዴት ደርቆ እንደሚቀር እዩ። በ1997 ዓ.ም ሴፍቲኔት ሲጀመር የቀን ሥራው ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ያኔ 6 ብሩ 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ ነው የተተመነው። በወር አምስት ቀን ለአንድ ሰው 30 ብር ማለት ነው። በ2000 ዓ.ም የእህል ዋጋ ጣራ ሲነካ ክፍያው 8 ብር ሆነ። ገበያው ግን 8 ብርን አልጠበቀም! ተረጂው ብሩን ትቶ እህሉን መምረጡን ጥናቶች መዝግበዋል።

ግብሩም ያው ነው። በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከወር ደሞዝ 600 ብሩን ብቻ ነፃ አደረገ። ደብረ ብርሃን ላይ በ2011 ዓ.ም የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ለምሳሌ 1,500 ብር የምትከፈል ወጣት ከዚያች ላይ 90 ብር ግብር ይቆረጥባት ነበር፤ የቤት ኪራይዋና ሽሮዋ ሲንር 600ዋ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ። ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለችው በ2017 ዓ.ም ነው። ዘጠኝ ዓመት! በዚያው በ2011 ዓ.ም የወጣው የሠራተኛ አዋጅም ዝቅተኛ ደሞዝ የሚወስን የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር። ግብሩን ለመቁረጥ ግን ቦርድ አላስፈለገም።

አገሪቱ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም ነው። የእነዚያ 15 መንደሮች ትልቁ ዙር በ2009 ቆመ። ሌሎች አጥኚዎች በ2010 ዲንኪን፣ በ2013 ደግሞ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ኮርማርገፍያን ተመልሰው አይተዋል። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ክልሉ በጦርነት ውስጥ ገባ። በ1994 መዝገብ ላይ ሕፃን ተብሎ የተጻፈው ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። መልሱን የሰጠው ገበሬ ጥናቱ ምን እንዳገኘ በአማርኛና በአርጎብኛ ይነገረው። የእርዳታ ስም ዝርዝር ሲወጣ በምን መለኪያ እንደተመረጠ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ደጁ ላይ ነው፤ የእነዚያ ዙሮች መረጃ ለማንም ክፍት ነው፤ አንድ ተማሪ ለመመረቂያው ቢነሳ ሊመረምረው ይችላል።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ ሰብሳቢው እያዩኝ ነው። የሁለቱን መንደሮች ሠንጠረዥ አባዝቼ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፣ ስትወጡ ውሰዱ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ። ከአንኮበር የመጣችሁ ካላችሁ በእናንተ እንጀምር።