የመርካቶ ልጅ የት ይረፍ?

(በሠፈራችን ዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ጉዳዩ የእኛ ዕድር ብቻ ስላልመሰለኝ፣ ሰላምታውንም ሳልቀንስ እንዳለ አቅርቤዋለሁ።)

የተከበሩ የዕድራችን ዳኛ፣ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዳኛችን አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። አሥር ደቂቃ ለጋዜጠኛ ሰላምታም አትበቃ፤ ስለዚህ በቀጥታ ልግባበት። የዛሬው አጀንዳ ተራ ቁጥር 3 «የግቢውን ባዶ ቦታ ለመጋዘን ስለ ማከራየት» ይላል። እኔ መቃወም የምጀምረው ገና ከርዕሱ ነው። ባዶ ቦታ የቱ ነው?

ከዚህ አዳራሽ ጀርባ ያለውን ግቢ የማያውቅ እዚህ የለም። በአንድ ጥግ ድንኳናችን፣ ብረት ድስታችንና አግዳሚ ወንበራችን የሚቀመጡበት ቤት አለ። የቀረው ሜዳ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እውነትም ባዶ ይመስላል። እሑድ ጠዋት ግን ኑና እዩ! አሥራ አምስት፣ ሃያ ልጅ ብስክሌት ገልብጦ ጎማ ይለጥፋል። አንዱ ሰንሰለት ያጥባል፣ አንዱ ፍሬን ያጠብቃል። ከአጥሩ ሥር የቆመችው አሮጌ ቮልስ ዙሪያ ደግሞ ትልልቆቹ ይሰበሰባሉ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሽሮ በትሪ ይመጣል። ይኼ ነው እንግዲህ «ባዶ» የተባለው!

አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» እያላችሁ በሆዳችሁ ትስቃላችሁ። ሳቁ፤ ተረቱ ልክ ነው። የእኛ ሠፈር ልጅ ግን የሚፈታው ቆብ ሳይሆን ብስክሌት ነው። ፈቶ የገጠመ ደግሞ በሦስተኛው ዓመት ሙያተኛ ይሆናል። ዛሬ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ከሚሸጡት፣ ጋራዥ ከፍተው ከሚያድሩት የሠፈራችን ልጆች መካከል ስንቱ መፍቻ መያዝ የጀመረው እዚህ ግቢ ውስጥ እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። ከምን አለሽ ተራ በርካሽ የተገዛ ብረት ተቀጥቅጦ የብስክሌት ዕቃ መጫኛ ሲሆን ያየ ሰው ጨዋታና ሥራ የት ላይ እንደሚለያዩ ይቸግረዋል።

ወደ ኋላ ትንሽ ልመለስ። መርካቶ የተቆረቆረችው ለንግድ ነው። በወረራው ዘመን ጣሊያን የአራዳን ገበያ ለሁለት ከፈለና ያንን ለራሱ ይዞ የአገሬውን ነጋዴ ወደዚህ ወደ ምዕራብ አሻገረው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሲወጣ ገበያውም ስሙም ቀረልን። ስሙ ብቻ መሰላችሁ? እሑድ እሑድ እጃችን ላይ የሚውለው ነገር ሁሉ ስሙ ከዚያው ነው። ብስክሌት፣ መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ማርሽ፤ ማታ የምንጎነጫት ቢራም ጭምር! ሰውዬው ሊገዛን መጥቶ የመዝናኛችንን መዝገበ ቃላት ጥሎልን ሄደ። እኛም የኛ አደረግነው።

የብስክሌት ነገር እንደ ቀልድ እንዳይታይብኝ አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው በኅዳር 1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነበር። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ዓለምን ጉድ ከማሰኘቱ 4 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ያኔ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ገረመው ደንቦባ በግል የጎዳና ውድድር 24ኛ ወጣ፤ ቡድኑም 9ኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አልፎ፣ በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ቁጠሩት፤ ወደ 60 ዓመት ነው! ልጁ ሳይጠፋ ሜዳው የጠፋበት አገር እንዲህ ነው የሚጓዘው።

መንግሥት ምንም አልሠራም አልልም። ጥሩ ሲሠራ ጥሩ እንላለን። በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ መኪና ሲታገድ ልጆቻችን አስፋልት ላይ እንደ ልባቸው ሲነዱ አይተናል። በኮሪደር ልማቱም በትልልቁ መንገድ ዳር የብስክሌት መስመር ተሠምሯል። ነገር ግን ያው ልማት ስንቱን ጎረቤት ከሥሩ ነቅሎ እንደወሰደው ደግሞ እኛ እናውቃለን። ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት ስንቶቻችሁ ናችሁ ከጀሞ፣ ከየካ አባዶ፣ ከቱሉ ዲምቱ ሁለትና ሦስት ታክሲ ቀይራችሁ የመጣችሁት? መንገዱ አምሯል፤ የሚነዳበት ልጅና የሚያውቀው ጎረቤት ግን ተበታትኗል።

ደግሞም ይኼ አገር ወጣት ተሰብስቦ ሲቀመጥ በጥርጣሬ ማየት ልማዱ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 384 ታስታውሳላችሁ፤ «የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ» የተባለውን። ሥራ ፈትቶ መንገድ ዳር የቆመ ልጅ ዘመዶቹ ሲያዩት ተስፋ የሚያስቆርጥ፣ ፖሊስ ሲያየው ደግሞ የሚያሳስር ሆነ። በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኛ የሥራ ሰዓቱ እንዲወሰንለት፣ ዕረፍትና የመዝናኛ ጊዜም እንዲኖረው መብት ነው ይላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይለፍ ይላል። ወረቀቱ እንግዲህ ጥሩ ነው። የመርካቶ ተሸካሚ ግን ከማን ጋር ተፈራርሞ ነው 48 ሰዓቱን የሚቆጥረው? ሱቅ ጠባቂው፣ ሻይ አመላላሿ፣ ጋሪ ገፊው ከጨለማ እስከ ጨለማ ነው ሥራቸው። ለእነሱ ያለችው ያቺ የእሑድ ግማሽ ቀን ናት። እሷንም እኛ በገዛ እጃችን እናከራያት?

አሁን ስለ ቮልሷ ልናገር።

አባቴን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ያቺ ቮልስ የእሱ ነበረች። የገዛት ሊነዳት አልመሰለኝም፤ ሊፈታት ነው። እናቴ «ከኔ ይልቅ እሷን አገባ» ትል ነበር። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ ራዲያተር የላትም፣ ውሃ አትጠይቅም። ሞተሩን የሚይዙት አራት ዋና ዋና ብሎኖች ናቸው። አባቴ እሑድ ጠዋት ፈቶ ያወርደዋል፣ ማታ ይገጥመዋል። «ምኑ ተበላሽቶ ነው?» ሲሉት «ሳይበላሽ ልወቀው ብዬ ነው» ይላል። ፋብሪካው በአውሮፓውያን 2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋን አምርቶ አበቃ። የኛይቱ ግን ቁማ ቀረች። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገለ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጫነ፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። እንግዲህ ያለን አሮጌ መኪና ያለን መኪና ነው። እሱን ማደስ የሚችል እጅ ሀብት አይደለም ትላላችሁ?

አባቴ ያረፈው ክረምት ላይ፣ በሌሊት ነው። ዝናቡ አያድርስ ነው። የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ መጀመሪያ የደረሱት እነማን ነበሩ? እነዚያው እሑድ እሑድ ሞተሩን አብረውት የሚያወርዱ ልጆች። ድንኳኑን በጨለማ ተከሉት። ጭቃው ላይ ድንጋይ አነጠፉ። ከመካከላቸው ዘመዳችን የሆነ አንድም አልነበረም። ያን ሌሊት የገባኝን ነው ዛሬ የምነግራችሁ፦ ዕድር የሚቆመው በወር መዋጮ አይደለም፤ የሚተዋወቅ ሰው ሲኖር ነው። ሰው ደግሞ በለቅሶ ቀን አይተዋወቅም። ቀድሞ ተዋውቆ ነው ለለቅሶ የሚመጣው።

የምንተዋወቀው በምን ነው ካላችሁ፣ በትሪው ነው። ታላቁ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን በቆሙበት ሠፈር የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ነው። ክትፎና ጥብስ ባማረን ቀን እያንዳንዱ ወደየቤቱ፣ ወደየሥጋ ቤቱ ይሄዳል። በግቢው ግን ሽሮና በያይነቱ ይመጣል፤ አንዳንዴ ቆጮ ከጎመን ጋር። ያኔ ባለ ሱቁም፣ ተሸካሚውም፣ ሐጂውም፣ ዲያቆኑም እጁን ታጥቦ አንድ ትሪ ላይ ይቀርባል። በሥራ ቀን አንዱ ተሸክሞ ሌላው ከፍሎ ነው የሚተያዩት። ስም ለስም የሚጠራሩት እሑድ ነው።

ቢራስ? እሱንም አልሸሽግም፤ እናቶች የምትፈሩት እሱን ነውና። አዎ፣ ሥራው ሲያልቅ ትልልቆቹ ወደ ግሮሰሪ ጎራ ብለን ድራፍት እንቀምሳለን። ጊዮርጊስ ቢራ በአውሮፓውያን 1922 ከተጠመቀ ጀምሮ ይኼ ከተማ ቢራ የሚጠላ አይመስልም። የማይጠጣው ወንድማችን አምቦ ውሃውን ይዞ አብሮን ይቀመጣል። አባቴ ሕግ ነበረው፦ ሁለት ጃምቦ፣ በቃ። ሦስተኛ ያዘዘ የመኪናውን ቁልፍ ያስረክባል።

እኔ ያንን ሕግ ጥሻለሁ። በሃያዎቹ ዕድሜዬ፣ አባቴ ካረፈ በኋላ፣ ብቻዬን መጠጣት ጀመርኩ። አንድ ቀን የወር የጽሑፍ ክፍያዬን ተቀብዬ የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት ልገዛ ወጣሁ። ስነጋ ኪሴ ውስጥ ሳንቲም አልነበረም። መድኃኒቱም አልነበረም። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ከግቢው ልጆች አንዱ በሬን አንኳኳ። ምክር አልሰጠኝም። «ና እንጂ፣ ሞተሩን አብረን እናውርድ» አለኝ። ሄድኩ። በሚቀጥለውም እሑድ ሄድኩ። ዛሬ እናንተ ፊት ቆሜ የምናገረው በዚያ ነው። በ2011 የወጣ አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲጠፋ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለም እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ጥሩ አደረገ። ነገር ግን አዋጅ በር አያንኳኳም። በር የሚያንኳኳው የሚያውቅህ ሰው ነው። ግቢውን ስትዘጉት ልጁ ቤቱ የሚቀመጥ አይምሰላችሁ። ጫት ቤቱና ቁማር ቤቱ በሩን ከፍቶ ይጠብቀዋል፤ እዚያ ደግሞ ሁለት ጃምቦ በቃህ የሚል አባት የለም።

ኪራዩን የምትደግፉትን አባቶች አልወቅስም። የቀብር ወጪ ጨምሯል፣ ድንኳኑ አርጅቷል፣ ካዝናው ሳስቷል። ሊከራይ የመጣው ነጋዴ ያቀረበው ገንዘብም ቀላል አይደለም። ግን አንድ ነገር አስቡ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ ሲቃጠል እዚሁ ሆነን አይተናል። የሰው የዕድሜ ልክ ሀብት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። መተላለፊያው ጠቦ፣ ሱቅ በሱቅ ላይ ተደርቦ እሳት አደጋ እንደ ልቡ መግባት ተቸገረ። ታዲያ በዚህ ሁሉ ጥብቅ ሠፈር ውስጥ የቀረችንን አንዲት ክፍት ቦታ ጨርቅና ፕላስቲክ እንሙላባት? በስተኋላ የሚመጣውን ማን ይመልሳል?

ተቃውሜ ብቻ አልቀመጥም። ሐሳቤ ይኸው፦

ልጆቹ ይመዝገቡ። ብስክሌት ለሌለው በሰዓት የሚከራዩ ጥቂት ብስክሌቶች እናዘጋጅ፤ ድሮ በሳንቲም ተከራይተን ስንነዳ የነበርን ሰዎች ነን፣ እናውቅበታለን። ገቢው ለዕድሩ ይግባ። ቮልሷንም እኔና እናቴ ለግቢው ሰጥተናል፤ መማሪያ ትሁን። በምትኩ ልጆቹ የድንኳን ተከላውን ሥራ በተራ ይረከቡ። ተሸካሚ ቀጥረን የምንከፍለው ይቀርልናል። የኪራዩን ያህል አይሞላም፤ አውቃለሁ። የሚጎድለውን ለመሸፈን መዋጮ ይጨመር ከተባለ እጄን መጀመሪያ የማወጣው እኔ ነኝ።

አባቶቼና እናቶቼ! ሁላችንም አንድ ቀን ጥሩምባ ይነፋልናል። ያን ቀን የሚያስፈልገን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ድንኳኑን የሚሸከም ትከሻ ያስፈልገናል። ያ ትከሻ አሁን በዚህች ሰዓት ግቢው ውስጥ ጎማ እየለጠፈ ነው። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ወጣ ብላችሁ እዩት።

አሥር ደቂቃዬን አልፌያለሁ፤ ዳኛችን ይቅር ይበሉኝ። አመሰግናለሁ።

(ጉባኤው ከረጅም ክርክር በኋላ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ አሳድሮታል። ከስብሰባው ሲወጡ ሁለት ሽማግሌዎች ቮልሷ አጠገብ ቆመው ኮፈኗን ሲከፍቱ አይቻለሁ። ሞተሩን ግን ከፊት ነበር የፈለጉት።)