ክፍት ሞዴልና የባለሙያው ድርሻ



በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ ከዋናው መረብ፣ 35 በመቶውን ከመረብ ውጭ ባሉ አማራጮች ለማዳረስ አልሟል። የሀብሩ ቀበሌዎች ከየትኛው ወገን እንደሚመደቡ ማን ያስላው? ጥያቄዬ ይህ ነው።

ኦሴሞሲስ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት፣ ቀመሩ ለሁሉ የተገለጠ ሞዴል ነው፤ ፍላጎትን በአነስተኛ ወጪ የሚያሟላውን የኃይል ምንጮች ስብጥር ያሰላል። ሆኖም የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። በመርሳ ዙሪያ የመስኖ ፓምፕ ፍላጎት በበጋ እንደሚያይል ካልነገርነው፣ ዓመቱን ሙሉ እኩል አድርጎ ያቅዳል፤ ማሳው በተጠማ ጊዜም ኃይሉ ያጥራል።

ስለዚህ በወልድያ የምናሠለጥነው ባለሙያ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅን ይማር እላለሁ። መርማሪ የሌለው ክፍት ቀመር ከተዘጋው አይለይምና።