የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ማንን ያሳይ?

(ባለፈው እሑድ በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ያደረጉት ንግግር። ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ስለሆነ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ እዚህ ተለጥፏል።)



የሰፈራችን ወጣቶች በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ስለ አህዮች አያያዝና ስለ ቆሻሻ አጣጣል የሚያስተምር ሥዕል እንሣል፣ ቀለሙን ማኅበሩ ይግዛልን ብለው ጠይቀዋል። አንዳንድ አባላት ደግሞ «ሥዕል የሕፃን መጫወቻ ነው፤ በቀለሙ ገንዘብ ቦዩ ቢጠረግበት ይሻላል» ብለዋል። ሁለቱም ወገን ለሰፈሩ አስቦ ነው የተናገረውና እኔም አስተያየቴን ባጭሩ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ፣ ሥዕል የሕፃናት ብቻ አይደለም። ፊደል ያልቆጠሩት አያቶቻችን የቅዱሳንን ገድል የተማሩት ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ጭምር ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሶቻቸውና ከነብሮቻቸው ጋር ተሥለው ያላየ ማን አለ? ሙስሊም ወንድሞቻችንም ለተጠማ ውሻ ውኃ ያጠጣውን ሰው ታሪክ ለልጆቻቸው ይነግራሉ። ለእንስሳ መራራት እንግዳ ትምህርት አይደለም ማለት ነው።

በውጭ አገርም ይኸው መንገድ ተሞክሯል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1751 ዊልያም ሆጋርዝ የሚባል የለንደን ሠዓሊ በጎዳና ላይ በእንስሳት የሚደርሰው ጭካኔ ቢያሳዝነው፣ አራት ሥዕሎችን አሳትሞ ተራው ሕዝብ እንዲያያቸው በርካሽ ዋጋ ሸጠ። ሥዕሎቹ የአንድን ሰው ሕይወት በተራ ያሳያሉ፤ በልጅነቱ ውሻ ያሠቃያል፣ አድጎ ፈረስ ይደበድባል፣ በመጨረሻም ሰው ገድሎ ይሰቀላል።

እኔን የገረመኝ ሁለተኛው ሥዕል ነው። ፈረሱ ሠረገላውን መጎተት አቅቶት ወድቋል፤ ባለ ሠረገላው ይደበድበዋል። ሠረገላው ውስጥ ግን ማን አለ? ሂሳብ ለመቆጠብ ተጠጋግተው የተሳፈሩ አራት ወፋፍራም ጠበቆች ናቸው! ሠዓሊው ዱላ የያዘውን ብቻ ሳይሆን ክብደቱን የጨመሩትንም አሳየ።

እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። ወፍጮ ቤት ስንሄድ የሁለትና የሦስት ቤት እህል ባንድ አህያ ላይ የሚያስጭነው ማነው? እኛው አይደለንም እንዴ? የሁለት አህያ ዋጋ እንዳንከፍል ነው። ከዚያ በኋላ አህያይቱ ጀርባዋ ገጥቦ፣ ጉልበቷ ተንቀጥቅጦ ስናያት ባለ አህያውን «አረመኔ» እንላለን። ይህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ሰውየው ጭነቱን እምቢ ቢል ሌላ ባለ አህያ እንደምንጠራ ያውቃል፤ የልጆቹም እንጀራ ከዚያው ነው። ስለዚህ በግድግዳው ላይ አንድ ክፉ ነጂ ብቻ ሣልን ማለት ባለ አህያዎቹን አስቀይመን እኛ ነፃ ወጣን ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ከሆነ ባይሣል ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር፣ ሥዕሉ ምን መደረግ እንዳለበት ያሳይ። በአሜሪካ በ1942 ዋልት ዲስኒ «ባምቢ» የተባለውን የካርቱን ፊልም አወጣ፤ እናቱን አዳኝ ስለገደለበት የአጋዘን ግልገል የሚተርክ ነው፤ የደን ቃጠሎም አለበት። የደን ጠባቂው መሥሪያ ቤት የባምቢን ሥዕል ለአንድ ዓመት ብቻ ተውሶ ሕዝቡን ከእሳት እንዲጠነቀቅ አስተማረበት። የውሰቱ ጊዜ ሲያልቅ በ1944 ስሞኪ የሚባል የራሱን ድብ አሣለ። በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ድቡ የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው፤ በባልዲ ውኃ ይዞ ሰው ጥሎት የሄደውን እሳት ያጠፋል። ያየው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ጠያቂ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ለወጣቶቹ ሦስት ሥዕል ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ሁለት ጎረቤቶች ከመጠን በላይ ከተጫነች አህያ ላይ አንዱን ጆንያ አውርደው በሌላ አህያ ሲያስጭኑ፤ ገንዘቡንም ሲከፍሉ ይታይ።

ሁለተኛ፦ ባለ አህያው ገመድ ጀርባዋን እንዳይልጣት ጭድ የተሞላ ጆንያ ከጭነቱ ሥር ሲያነጥፍላት፣ አጠገቡም ባልዲ ውኃ ተቀምጦላት ይታይ። እዚህ ላይ ባለ አህያው በደግነቱ ይሣል።

ሦስተኛ፦ በግ ከቦዩ ዳር ፌስታል ሲበላ፣ አንዲት ልጅ ፌስታሉን ለቅማ በማጠራቀሚያው ስትጨምር። ለበዓል በግ አርዶ ከሆዱ የተጠቀለለ ፌስታል ያወጣ ሰው እዚህ መካከል አይጠፋም። ፌስታል አይፈጭም፤ እዚያው ተከማችቶ እንስሳውን ምግብ ይከለክለዋል፣ ይገድለዋልም። ቦዩንም የሚደፍነው ይኸው ፌስታል ነው። ቦዩ መጠረጉን አልቃወምም፤ ይጠረግ። ነገር ግን እጃችን ካልተመለሰ በሳምንቱ መልሶ ይሞላል።

ወጣቶቹ ሥዕሉን ወደ ካርቱን ፊልም ለመለወጥም አስበዋል። እየሣሉ በሞባይል ተራ በተራ ፎቶ ማንሣት ነው ሥራው። ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ቢያስፈልግ ለግማሽ ደቂቃ 360 ሥዕል ይሆናል። ብዙ ልፋት ነው፤ ግን የሚጠይቀው ወረቀትና ትዕግሥት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይደለም። ከስብሰባ በፊት ብናሳየው ሰውም በሰዓቱ ይመጣ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ። የማንም የሰፈር ሰው መልክ አይሣል፣ ስድብም አይጻፍ። ባለ አህያዎቹ ረቂቁን ቀድመው አይተው አስተያየት ይስጡበት፤ ስለ ሥራቸው ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ግድግዳው የሚመክረው ሁላችንንም ነውና፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አስባችሁ እጃችሁን እንድታወጡ እጠይቃለሁ።