አክሊል የሚያቀዳጅ ካህን አስቀድሞ ራሱ አክሊል ይቀዳጃል
(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

የደብሩ ኢዮቤልዩ በሚከበርበት በዛሬው ቀን ስለ ሕንፃው፥ ስለ ደወሉና ስለ ንዋየ ቅድሳቱ ብዙ መነገሩ የተገባ ነው። ይህ ቃል ግን የሚነገረው በዚህ ደጅ ስለ ገቡት ሙሽሮችና እነርሱን ስለ ባረከው ካህን ነው። በሠርግ ቀን ሰው ሁሉ የሙሽራውን ካባና የሙሽራይቱን አክሊል ያያል፤ አክሊሉን የያዘው እጅ በምን መንገድ ተጉዞ ከዚያ እንደ ደረሰ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ቤተ ክርስቲያን የምትፈጽማቸው ምሥጢራት 7 ሲሆኑ ክህነትና ተክሊል ከነዚህ ውስጥ ይቈጠራሉ። ስማቸው ለየብቻ ቢጠራም በአንድ ሰው ሕይወት ላይ የተጋጠሙ ናቸው። መነኩሴ ካልሆነ በቀር፥ ቅስና የሚቀበል ሰው በዲቁናው ሳለ አስቀድሞ በሕግ ያገባል፤ ከቅስና በኋላ ማግባት አይፈቀድለትምና። ያውም ጋብቻው ራሱ ድንግል ሆኖ፥ ድንግል አግብቶ፥ ሁለቱም በተክሊል ተባርከው፥ በአንድነት ሥጋውንና ደሙን ተቀብለው የሚመሠርቱት ነው። ሁለት ጊዜ ያገባ ወይም ፈት ያገባ ሰው ለቅስና አይታጭም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት፥ በ3ኛው ምዕራፍ፥ የሚሾም ሰው የአንዲት ሴት ባል እንዲሆን፥ የራሱን ቤት ማስተዳደር ያልቻለ ሰውም የእግዚአብሔርን ቤት ሊጠብቅ እንደማይችል ያስተምራል። እንግዲህ የሌላውን ሰው ትዳር ለመባረክ የሚያበቃው ማዕርጉ ብቻ አይደለም፤ የራሱም ትዳር መያዣ ሆኖ ተሰጥቷል።

ወደዚህ የሚያደርሰው መንገድ ረጅም ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያ ፊደል ይቈጥራል፤ ንባብ ለይቶ ዳዊት ይደግማል። ከዚያም ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ ተሸክሞ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የዕለት ምግቡን እየለመነ፥ የመንደሩን ውሻ በዱላው እየተከላከለ የመምህሩን ደጅ ይጠናል። ውዳሴ ማርያሙን፥ ኪዳኑን፥ ሰዓታቱንና የዲያቆኑን ድርሻ በቃሉ ያጠናል። ከፍ ያለውን የቅዳሴ ትምህርት የሚሻም እንደ ደብረ ዓባይ ወዳሉ በቅዳሴ ዜማ ወደ ታወቁ ጉባኤያት ሄዶ 14ቱን ቅዳሴያት ከነዜማቸው ይማራል። ይሁንና በመምህሩ ደጅ የማይማረው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ባልነት ነው። ይህን የሚማረው በገዛ ቤቱ፥ በገዛ ትዕግሥቱና በገዛ ስሕተቱ ነው።

ከዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምትረሳ አንዲት ሰው አለች፤ እርስዋም የዲያቆኑ እጮኛ ናት። ኤጲስ ቆጶሱ እጁን የሚጭነው በባልዋ ራስ ላይ ነው፤ ሸክሙ ግን በሁለቱም ትከሻ ላይ ያርፋል። እርስዋ ብትሞት ባልዋ ክህነቱን እንደ ያዘ ሌላ ሚስት አያገባም። ቢያገባ ከመቅደስ አገልግሎት ይወጣል፤ ዜማ ቢያውቅ በቅኔ ማኅሌት ይቆማል እንጂ ወደ መንበሩ አይቀርብም። ለቅዳሴ በሚገባበት ሌሊት ከመኝታዋ ይለያል፤ በሽተኛ ሲያጣጥር በእኩለ ሌሊት ይጠራል፤ የምእመናንን ኀጢአት ሰምቶ ሲመለስም የልቡን ጭንቀት ለእርስዋ እንኳ አይነግራትም። ይህን ሁሉ አውቃ፥ ወድዳና ፈቅዳ የገባች ሴት ለደብሩ እንደ አንድ ምሰሶ ናት። ሳትጠየቅና ሳይነገራት የገባች እንደ ሆነ ግን በደል ተሠርቶባታል። ለቅስና ቸኩሎ ሚስት የሚፈልግ ዲያቆን ሚስቱን ወደ መቅደስ የሚወጣበት መሰላል አድርጎ ይቈጥራታል፤ መሰላልም ከወጡበት በኋላ የሚረሳ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ነገ በሙሽሮች ፊት ቆሞ ስለ ፍቅር ቢያስተምር ቃሉ በሰሚው ልብ አይገባም።

የክህነት ሥልጣን በገንዘብ የሚገዛ ወይም ልጅ ከአባቱ እንደ ርስት የሚወርሰው አይደለም፤ በአንብሮተ እድ ይሰጣል። ለኢትዮጵያም ይህ እጅ ለብዙ ዘመን ከሩቅ አገር ይመጣ ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስ፥ አገሩ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብሎ የሚጠራው፥ ከእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብሎ ከመጣ ጀምሮ ጳጳሱ ከግብፅ ይላክ ነበር። ብዙውን ጊዜ ለዚህ ሁሉ ሰፊ አገር የነበረው ጳጳስ አንድ ብቻ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የኖረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ አቡነ ማርቆስ በአንድ ጊዜ ከ2000 በላይ ሰዎችን ቅስና ሲሾሙ ማየቱን፥ ዲቁና ከሚቀበሉትም ውስጥ ሕፃናት መኖራቸውን ጽፏል። እንግዳው ሰው ቢገረም አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ጳጳሱ ባረፈ ጊዜ ሌላው እስኪመጣ ድረስ ስንት ዓመት እንደሚያልፍ ሕዝቡ ስለማያውቅ ነበር ልጆቹን ይዞ የሚሮጠው። አቡነ ቄርሎስ ካረፉ በኋላ አቡነ ሰላማ በ1834 ዓ.ም. እስኪመጡ ድረስ አገሩ ከ10 ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ ቆይቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን አዲስ ቄስ የሚሾም አልነበረም፤ ያረጁት ሲያልፉም ሙሽራ የሚባርክ እጅ እየጐደለ ይሄድ ነበር።

በ1921 ዓ.ም. አቡነ አብርሃም፥ አቡነ ጴጥሮስ፥ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ በካይሮ ጵጵስና በተቀበሉ ጊዜ የአገሩ ልጅ በአገሩ ጳጳስ እጅ መሾም ጀመረ። ከነዚህም አባቶች አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ በፋሺስቶች ጥይት ተገድለው የሰማዕትነት አክሊል ተቀዳጁ። በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፥ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። ዛሬ ዲያቆኑ የብዙ ወር መንገድ ሳይጓዝ በሀገረ ስብከቱ ቅስና ይቀበላል። መንገዱ ማጠሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ሲያጥር ፈተናውም አብሮ እንዳያጥር መጠንቀቅ ይገባል።

ቅስና የተቀበለ ካህን የተክሊልን ጸሎት ያደርሳል፤ ዲያቆን ግን ያግዛል እንጂ አይባርክም። ተክሊልም ከቅዳሴ ጋር የሚፈጸም ስለ ሆነ አንድ ቄስ ብቻውን አይበቃም፤ ለቅዳሴው ቢያንስ 5 ልዑካን፥ ይኸውም 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ሙሽሮቹ አስቀድመው ለንስሐ አባታቸው ይናዘዛሉ፤ ጾመውም ይመጣሉ። ካህኑም በጸሎት ልብሳቸውንና ቀለበታቸውን ይባርካል፤ ቅብዐ ቅዱስ ይቀባቸዋል፤ አክሊል በራሳቸው ላይ ይደፋል፤ በመጨረሻም ሁለቱ በአንድነት ይቈርባሉ። ቀድሞ አግብተው የነበሩ ሰዎች እንደ ሆኑ ስለ መዓስባን የተሠራው ጸሎት ይደርስላቸዋል እንጂ አክሊል አይደፋላቸውም። ይህ ልዩነት እነርሱን ለማዋረድ የተሠራ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የሚገባውን ለመስጠት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የሠርጉ ዕለት ሥራ ሳይሆን ከሠርጉ በፊት ያለው ጥያቄ ነው። ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጾች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ 22 ስለ መንፈሳዊው፥ የቀሩት 29 ስለ ሥጋዊው ሥርዐት የሚናገሩ ናቸው። ስለ ካህናት የሚናገረው ሕግ በመጀመሪያው ክፍል ሲገኝ ስለ ጋብቻ የሚናገረው 24ኛው አንቀጽ ግን በሁለተኛው ክፍል ተጽፏል። ከዚህም ካህኑ በሁለቱ ክፍሎች ድንበር ላይ የቆመ በረኛ መሆኑን መረዳት ይቻላል። ሙሽሮቹ በሥጋ ዘመዳሞች እንዳይሆኑ፥ በክርስትና ልጅነት እንዳይገናኙ፥ ሌላ ትዳር እንዳይኖራቸው ይመረምራል። ከሁሉም በላይ የሁለቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያለ ሁለቱ ፈቃድ ጋብቻ እንደማይጸና ይኸው አንቀጽ ያዝዛልና። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግም በሃይማኖት ሥርዐት የሚፈጸመውን ጋብቻ አጽንቶ ይቀበላል፤ ተጋቢዎቹ 18 ዓመት የሞላቸው እንዲሆኑ፥ ሙሉና ነጻ ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ፥ ጋብቻውም እንዲመዘገብ ያዝዛል። በፈቃድ ነገር የቤተ ክርስቲያን ሕግና የመንግሥት ሕግ አንድ ቃል ናቸው።

ለምሳሌ አንድ የተከበረ ባለጠጋ በሠርጉ ዋዜማ ወደ ካህኑ መጣ እንበል። «አባቴ፥ ጠላው ተጠምቋል፤ ፍሪዳው ተጥሏል፤ ዘመድ ከሩቅ አገር ገብቷል፤ ነገ ልጆቹን ይባርኩልኝ» ይላል። ካህኑም ልጅቱን አስጠርቶ ለብቻዋ፥ «ልጄ፥ ወድደሽ ነውን?» ብሎ ይጠይቃታል። ልጅቱ አንገትዋን ደፍታ ዝም ትላለች። አባትየው ይህን ሰምቶ «የጨዋ ልጅ ናት፤ አፍራ ነው» ይላል። ካህኑ በዚያ ሰዓት ብዙ ነገር ያስባል፤ ባለጠጋው ለቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ቆርቆሮ የሰጠ ሰው ነው፤ ነገም ለልጆቹ እህል የሚሰፍርለት እርሱ ነው። ነገር ግን እፍረት ሌላ፥ እምቢታ ሌላ ነው፤ ሁለቱንም ዝምታ ይሸፍናቸዋል። የተፈራ ዝምታን እንደ እሺታ ቈጥሮ አክሊል የሚደፋ ካህን የራሱን አክሊል ያወርዳል። ስለዚህ ካህኑ «ጌታዬ፥ ፍሪዳው ለድሆች ይበላ፤ ልጅቱ በራስዋ አፍ እስክትናገር ድረስ ግን እኔ እጄን አላነሣም» ቢል ቅስናው በዚያች ቀን ተፈተነች፤ ጸንታም ተገኘች። ለመባረክ የተሰጠው ሥልጣን እምቢ ለማለትም የተሰጠ ነውና።

ዳግመኛም ብዙ ምእመናን የቁርባንን ጋብቻ እንደሚፈሩ የታወቀ ነው። የቀድሞ ሰዎች አብዛኞቹ በዳኛና በሽማግሌ ፊት በሰማንያ ይጋቡ ነበር፤ ብዙዎችም ዕድሜያቸው ከገፋ፥ ልጆቻቸውም ካደጉ በኋላ ነበር በአንድነት የሚቈርቡት። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንኳ ቀድሞ ሌላ ትዳር የነበራቸው ሲሆኑ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ በአንኮበር መድኃኔዓለም ቈርበው ተጋብተዋል። ፍርሃቱ የመጣው ከንቀት ሳይሆን ከአክብሮት ነው፤ የማይፈታውን ማሰሪያ ሰው ሳያስብ አያስርምና። ሆኖም ይህን ፍርሃት የሚያስወግደው ዛቻ አይደለም፤ ግሣጼም ብቻውን አይበቃም። ወጣቱ የሚያየው የካህኑን ቤት ነው። ቄሱ ሚስቱን በአክብሮት ሲጠራት፥ ስትታመም ሲያስታምማት፥ በደግና በክፉ ቀን አብረው ሲኖሩ ቢያይ፥ የማይፈታው ማሰሪያ እስራት ሳይሆን መጠጊያ መሆኑን ያለ ስብከት ይረዳል። ቄሱ ከሚስቱ ጋር ሲጣላ በአደባባይ ቢሰማ ግን የ50 ዓመት ስብከት በአንድ ምሽት ይፈርሳል።

እንግዲህ ይህ ኢዮቤልዩ ያለፈውን ለማመስገን ብቻ ሳይሆን ለሚመጣውም ለመዘጋጀት ነው። ዛሬ በዚህ ቅጥር ውስጥ መስቀል ይዘው ከሚቆሙት ሕፃናት ዲያቆናት መካከል አንዳንዶቹ ነገ የምእመናንን የልጅ ልጆች የሚባርኩ ይሆናሉ። ካህናት አባቶች እነዚህን ልጆች ዜማውን ብቻ ሳይሆን በቤታቸው አኗኗር ባልነትንም ያስተምሩአቸው። ወላጆች ልጃቸውን ለዲያቆን ከመዳራቸው በፊት የሚጠብቃትን ሕግ ገልጠው ይንገሩአት፤ እምቢ ብትልም አያስገድዱአት። ምእመናንም የካህኑን ቤት በሐሜት ከመጠበቅ ይልቅ በጸሎትና በቀለብ ይጠብቁ፤ የተቸገረ ካህን በባለጠጋ ፊት እምቢ ለማለት ጕልበት ያጥረዋልና።

በዚህ ደጅ አክሊል የተቀዳጁትን ሁሉ እግዚአብሔር በሰላም ያኑር፤ ያለፉትን አባቶች ነፍስ ይማር፤ የሚመጡትንም ለዚህ ማዕርግ የበቁ ያድርግ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።