ሁለት ፊደል፣ አንድ መልክ



የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ኃላፊ የነበረው ፍራንክ ፒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 የቁም ጽሕፈት ሊቁን ኤድዋርድ ጆንስተንን ለድርጅቱ ልዩ የፊደል ቅርጽ እንዲነድፍለት ጠየቀው። ቅርጹም ከ1916 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በ1979 በኤይቺ ኮኖ እጅ ተሻሻለ፤ በ2016 እንደገና ታደሰ፤ መሠረታዊ መልኩ ግን ጸና። ድርጅቱን ያስከበረው የፊደሉ ውበት ብቻ ሳይሆን ይኸው ጽናቱ ነው።

የእኛ ሥራ ከዚህ እጥፍ ነው፤ ሰሌዳዎቻችን በግእዝና በላቲን ፊደል ይጻፋሉና። ብዙ ጊዜ ላቲኑ በጥንቃቄ ይመረጣል፤ አማርኛው ግን በሰሌዳው አንድ፣ በደረሰኙ ሌላ መልክ ይዞ በገዛ አገሩ እንግዳ ይሆናል።

ስለሆነም ለደንበኞቻችን መመሪያ ስናዘጋጅ የአማርኛው ፊደል ዓይነት፣ ውፍረትና መጠን እንደ ላቲኑ ሁሉ በግልጽ ይወሰን። ግእዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው፣ በቁጥር እኩል የሆነው መጠን ለዓይን እኩል ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አትመን እናመዛዝን። ያን ጊዜ አንባቢው በየትኛውም ፊደል ቢያነብ ያንኑ ድርጅት ያገኛል።