ሳይቃጠል በቅጠል፦ ጠበቃ ዘንድ መቼ እንሂድ?
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች በየስብሰባው የምንቆመው ቁጥር ለማንበብ ነው። ዛሬ ስለ ሕግ የምንናገረው በመዝገባችን ላይ «ያልተሰበሰበ» ተብላ በየዓመቱ የምትዞር አንዲት መስመር ስላለች ነው።

ለአንዲት አባላችን ገንዘብ ስናበድር «እህታችን ናት» ብለን ውል አልጻፍንም። ቀኑ ሲያልፍ ሽማግሌ ላክን፤ በኋላ «አልተበደርኩም» ተባልን። ጠበቃ ዘንድ የሄድነው ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄው «ወረቀቱ የታለ?» የሚል ነበር። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው። ያየ ጎረቤት ሁሉ ቢመሰክርልን አይበቃም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለውን እያወቅን ተሞኘን።

ስለዚህ ምክራችን አንድ ነው፤ ጠበቃ ይበልጥ የሚጠቅመው ከመፈረማችን በፊት ነው።

«አንድ ፊርማ ምን አለበት» ብላችሁ ዋስ ከመሆናችሁ በፊት ውሉን አስነብቡ። የዋስትናው ከፍተኛ የገንዘብ ልክ በውሉ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ካለበት ግን አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ እናንተ ዘንድ ሊመጣ ይችላል። ማንበብና መጻፍ የማትችል እናት የጣት አሻራም በዳኛ ወይም በውል አዋዋይ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድዳትም።

ቤት ስትገዙም ሆነ ስትሸጡ እንዲሁ ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት። የባልና ሚስት የጋራ ቤት ደግሞ በአንዱ ስም ቢሆንም ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም።

ከሥራ የተባረራችሁ ቀን መቁጠር ጀምሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ሽማግሌ ስንልክ ቀኑ እንዳያመልጠን።

ሁሉ ነገር ጠበቃ ይፈልጋል ማለታችን አይደለም። የጎረቤት ጠብ በጃርሱማ ቢፈታ መልካም ነው፤ ኦሮሚያም በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አውቃለች። ድብደባና መደፈር ሲደርስ ግን መንገዱ ወደ ፖሊስ ነው፤ ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነውና ለጠበቃ ገንዘብ የለኝም ብላ ማንም ቤቷ አትቅር።

ወደ ጠበቃ ስትሄዱ ወረቀታችሁን በቀን ቅደም ተከተል አዘጋጁ፤ ቅጂውን ስጡ፣ ዋናውን ያዙ። የጥብቅና ፈቃዱን ጠይቁ። ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ይግባኝን እንደሚጨምር አጽፉ፤ ለከፈላችሁት ደረሰኝ ተቀበሉ። በፍርድ ቤት በር ላይ ያለው ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻ ይጽፍላችኋል እንጂ ዳኛ ፊት ቆሞ አይከራከርላችሁም።

አቅም ለሌላት እህትም በር አለ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ ምክር ይሰጣል፤ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የዳኝነት መክፈል የማትችል ሰው በድኃ ደንብ ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን ልትጠይቅ ትችላለች።

ከእንግዲህ በማኅበራችን ብድር የሚሰጠው ሁለት ምስክሮች በፈረሙበት ውል ብቻ ይሁን። ከአምቦም፣ ከጉደርም፣ ከጊንጪም ለመጣች አባል ውሉ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጮክ ተብሎ ይነበብላት፤ ገብቷት ትፈርም። ያችን «ያልተሰበሰበ» የምትል መስመር ሁለተኛ እህት አንሠራላት።